ያልታዩ ቀናት

ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 9 ቀን

ለአበልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ባለፈው ዳገቱ እያቃተኝ ነው ብለሽ ነበርና ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። ጎረቤትሽ ነፊሳ ከነልጆቿ ደኅና ናት ወይ? እኔ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። አርጆ ዝናብ መጀመሩን ሰማሁ። እዚህም ትናንት ከሰዓት በኋላ ጥሎ ነበር። ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ግን አልነግርሽም፤ አልለካሁትም።

ሰላምታውን ያሳጠርኩት የምነግርሽ ነገር ስለከበደኝ ነው። ከሁሉ በፊት ይህን ስሚ። ቤትሽ የተከመረውን ጀንፈል ቡና በመጪው ገበያ ሽጪ። አንድ ጆንያ እንኳ አታስቀሪ። ዝናቡ ከበረታ እርጥበት ይይዘውና ይሻግታል፤ ያን ጊዜ የሚጠይቅሽም አይኖርም። በገንዘቡም የሞተብሽን በሬ ተኪ። ቡናው ካልተሸጠ በሬ የለም፤ በሬ ከሌለ መሬትሽን ዘንድሮ ለእኩል አራሽ ልትሰጪ ነው። ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሽውን የእኔን ወረቀት ቅደጂና እሳት ውስጥ ጨምሪው። ዋጋው ይወጣል ብዬ የላክሁልሽ ያ ወረቀት ውሸት ነው። ተሳስቻለሁ ማለቴ አይደለም። ውሸት ነው፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ጡረታ ስወጣ ልጄ ከአዲስ አበባ ስልክ እንደላከችልኝ ታስታውሻለሽ። በዚያ ስልክ የዓለምን ገበያ ዋጋ የሚያሳይ ሥዕል አገኘሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። ፊደሉንም ቢሆን ከወሎ መጥተን ሰፈራ ጣቢያ በመሠረተ ትምህርት ነው የቆጠርኩት፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ለብቻዬ ታግዬ ነው ያወቅሁት። ይህንንም እንደዚያው ያዝኩት። የአንድን ቀን ዋጋ በአንዲት ቁም ምልክት ይሥሏታል፤ ሻማ ይሏታል። ዋጋው ከየት ተነሥቶ የት እንዳደረ፣ እስከ የት ወጥቶ እስከ የት እንደ ወረደ በአንዷ ሻማ ላይ ይታያል። ሻማዎቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ የገበያው መንገድ ይወጣል። ዋጋ እየወረደ ደጋግሞ የሚመለስበት ወለል አለው፤ እየወጣ ደጋግሞ የሚመታው ጣሪያ አለው። ጣሪያው ከተሰበረ ጠብቅ፣ ወለሉ ከተሰበረ ሽሽ፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። የወርቁን አየሁ፣ የነዳጁን አየሁ፣ የዶላሩን አየሁ፣ የቡናውን አየሁ። ሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ወርቅ የሚገዛውና ቡና የሚገዛው ሰው አይተዋወቁም፤ ፍርሃታቸውና ስስታቸው ግን አንድ ዓይነት መስመር ያሰምራል።

ሠላሳ ዓመት ዝናብ ለመዘገበ ሰው ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። በሚሊሜትር ወረቀት ላይ፣ ዝናብ እለካበት በነበረው ሰዓት፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የቡናውን ሻማ በእጄ እሥል ጀመር። የሃያ ቀኑን አማካይ በቀይ አሰምርበታለሁ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሠራ። ያዙ ስል የያዙ ተጠቀሙ፤ ልቀቁ ስል የለቀቁ ከመውደቁ በፊት ሸጡ። አንቺም አንዷ ነበርሽ። ነቀምቴ ላይ ስሜ አባ ሻማ ሆነ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ከመንገድ ማዶ አባ ሻማ፣ ዛሬ በራ ወይስ ጠፋ? እያሉ ይጮኹብኝ ነበር። እቆጣቸዋለሁ፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ልጅሽን አላዛርን ከሥራ ካስወጣሁት ወዲህ ደጄን የረገጠ ሰው እምብዛም አልነበረም። አሁን ወንበር እስኪያጥረኝ መጡ።

በጥቅምት ኔትወርኩ ጠፋ። ስልኩም ኢንተርኔቱም አንድ ላይ ሄዱ። መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። እኔም መጀመሪያ የሚገባውን አደረግሁ። ዝናቡ ያልታየበትን ቀን መዝገብ ላይ ሰረዝ እናደርግበት ነበር፤ ያልታየ ማለት ነው። በሻማዎቹም ቦታ ሰረዝ አደረግሁ። አሥራ አንድ ሰረዝ አደረግሁ። ሰዉ መምጣቱን አልተወም። አንድ ጠዋት ያደታ፣ የጉቴ መንገዱ ገበሬ፣ ወረቀቱ ፊት ቆሞ አባ ሻማ፣ እኔ የምሸጠው ቡና እንጂ ሰረዝ አይደለም፤ ልያዝ ወይስ ልልቀቅ? አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ታውቂኛለሽ፣ ያ ቃል ከአፌ አይወጣም። ማስመሪያዬን አነሣሁና ከጥቅምት በፊት የነበረውን መስመር ወደ ፊት ሳብኩት። ወደ ላይ ይሄድ ነበርና ወደ ላይ ሄደ። በእርሳስ፣ በነጠብጣብ ነው ያደረግሁት። በእርሳስ ስለሆነ ውሸት አይደለም አልኩ ለራሴ።

በሳምንቱ ያደታ ተመልሶ የእርሳሱ አይታየኝም አለ። በእስክሪብቶ ሄድኩበት።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እቀመጥና አንዳች ሳላይ ሻማ እሥል ነበር። እውነት እንዲመስልም በየመሀሉ የወደቀ ቀን ጨመርኩበት። ከሁሉ የማፍረው እዚህ ላይ ነው። ማስመሪያውን ብቻ ተከትዬ ቢሆን ሽማግሌው ተሳሳተ ይባል ነበር። የወደቁትን ቀናት የፈጠርኳቸው ግን ሰው እንዲያምነኝ ብዬ ነው። በታኅሣሥ ለአንቺ የገለበጥኩት ከዚህ ላይ ነው። እስከ ግንቦት እንዳትነኪው የሚል መልእክት ጨምሬ በሚኒባስ ላክሁልሽ።

ቡና ነጋዴው ዋቅወያ በዚያው ሰሞን ገበያ መሀል ኦቦ፣ ሾፌሮቹ ከአዲስ አበባ ዋጋ ወርዷል እያሉ ነው የሚመጡት፤ ሰዉን ባያስይዙት ይሻላል አለኝ። በሰላም ነው የነገረኝ። እኔ በሰው ፊት ሌባ አልኩት። የገበሬ ላብ ለመጠጣት ነው አልኩት። እሱም ሳቀና እንግዲህ ሻማዎ ቤት እንዳያቃጥል ብሎኝ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። የዚያን ቀን ለዋቅወያ የሸጠ ሰው አልነበረም። ቀና ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በየካቲት አጋማሽ ኔትወርኩ ተመለሰ። ስልኩን ስከፍተው ቡናው በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ወለሉን ሰብሮ ወርዶ አገኘሁት። ሊመለስ ሞክሮ የቀድሞው ወለል ጣሪያ ሆኖበት እንደገና ወርዷል። ይህን የመሰለ ግልጽ ምልክት ሻማ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ አላየሁም፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ ይመስል ነበር። ወረቀቴን አጠገቡ ያዝኩት። የእኔ ሻማዎች ወደ ላይ እየወጡ ነበር።

ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ስልኩን ዘጋሁት። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የእኔ ሰፈር ኔትወርክ ገና ነው አልኩ። ሰባት ሳምንት እንዲህ አልኩ።

በመጋቢት አላዛር ለስልክ መጠገኛ ሱቁ ዕቃ ሊገዛ መጥቶ ቤቴ ጎራ አለ። በየበዓሉ ሰላም ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም፤ እኔ ግን እነዚህን ዘጠኝ ዓመታት ከሰላምታ አሳልፌ አነጋግሬው አላውቅም። ቆሞ ወረቀቱን አየ። ስልኩ እጁ ላይ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ጣቱን በሻማዎቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬደና፣ አባባ፣ እነዚህ ቀናት ታይተዋል? አለኝ። ለእሱ ያልኩትን ነው መልሶ ያለኝ።

ያንን ታሪክ ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ አፍ ግን ሰምተሽው አታውቂም። ባልሽ ባረፈ ጊዜ አላዛር ቢላ ከተማ ላይ ለብቻው የዝናብ መለኪያ ይጠብቅ ነበር፤ እኔ ከነቀምቴ አለቃው ነበርኩ። አባቱን ሊቀብር አርጆ ወርዶ ሦስት ቀን ቆየ። ሲመለስ ጎረቤት ጠይቆ የሦስቱን ቀን ዝናብ በግምት ሞላው። እኔ መዝገቡን ስመረምር የሦስቱ ቀን ጽሕፈት በአንድ መቀመጫ የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት። ታይቷል? አልኩት። አልታየም አለኝ። ጽፌ ለበላይ አስተላለፍኩ፤ ከሥራ ወጣ። አንቺ የባልሽ አፈር ሳይደርቅ ከአርጆ መጥተሽ ደጄ ላይ ቆመሽ ክርስትና ያነሣኸው ልጅህ አይደለም ወይ? አልሽኝ። በዝናብ አይዋሽም ብዬ በሩን ዘጋሁብሽ።

እሱ ሦስት ቀን ሞላ፤ አባቱ ሞቶበት። እኔ አራት ወር ሞላሁ፤ ማንም ሳይሞትብኝ። እሱ ሲጠየቅ አልታየም አለ። እኔ ስጠየቅ ወረቀቱን አትንካ አልኩት። እጁን መለሰ፤ ትከሻዬን ስሞኝ ወጣ። ስልኩን እንኳ አላሳየኝም።

ባለፈው ሳምንት የመንደርሽ ኢቢሴ ቅቤ ልትሸጥ መጥታ መልእክትሽን አደረሰችልኝ። ልጄ ሽጪው ሽጪው ይለኛል፣ ለምን ስለው ግን ዝም ይላል፤ ዛሬም በክርስትና አባትህ ቂም ይዘሃል ብዬ ገሠጽኩት፤ የበሬው ነገር ይቆየኛል፣ አዲስ ወረቀት ላክልኝ ብለሻል። ኢቢሴ ፊቴን አይታ ኦቦ፣ አሞዎታል እንዴ? አለችኝ።

አንቺ እኔን አምነሽ እሱን ገሠጽሽው። እሱም የእኔን ነውር ከሚያወጣ የአንቺን ቁጣ ተቀበለ። ቂም አልያዘም። ቂም ቢይዝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ ገበያ ሄድኩ። ዋቅወያን ሌባ ባልኩበት ቦታ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ በኦሮምኛ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት የሣልኩትን አንዱንም ቀን አላየሁትም አልኩ። ከኋላ አንዱ አባ ሻማ ጠፋ በሉኛ! ሲል ሳቁ። ያደታ አልሳቀም። ጆንያውን እንደያዘ ነበር። አንሥቶ ሄደ፤ አሁን በሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ዋቅወያ ግን ሌባ ያሉኝን ይመልሱልኝ አለ። ሌባው እኔ ነኝ አልኩት። እንዲያ ከሆነማ ይምጡ፣ ሻይ ልጋብዝዎ አለኝ። አልጠጣሁም። ሻይ ልጠጣ አልሄድኩም። የእሱ ሰው ቅዳሜ አርጆ ገበያ ይወጣል፤ ያንቺን ጀንፈል በዕለቱ ዋጋ ይገዛል። ለእሷ ትንሽ ልጨምርላት? ቢለኝ አንድ ሳንቲም እንዳትጨምር፣ ምጽዋት አልለመነችህም አልኩት። እኔን ብለሽ እንዳትቆጪኝ። ሚዛኑን ግን ራስሽ ቆመሽ እይ።

አንድ ነገር አልክድም። መስመሩ አልዋሸም። ኔትወርክ ቢኖርና ባየው ኖሮ በኅዳር ሽጡ እላችሁ ነበር፤ ሁላችሁም ትድኑ ነበር። ትምህርቱ ትክክል ነው። ሰውየው ነው የተበላሸው። ሰዎች አሁን ሥዕሉን ሁሉ ጥንቆላ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ስልኩ ከተመለሰ ሰንብቷል፤ አንቺም ስልክ አለሽ። የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። አንቺ ፊደል እንደማትቆጥሪ አውቃለሁ። ደብዳቤ ሲመጣልሽ ከሱቁ ጠርተሽ ማንን እንደምታስነብቢም አውቃለሁ። አንባቢሽ ጨዋ ሰው ነው፤ እኔን የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ሲደርስ ዘሎ ሊያልፍ ይችላል። እንዳይዘልል ንገሪው። የቢላ ከተማውን ታሪክ ደግሞ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ሁለት ጊዜ ያንብበው።

ዝናቡ ለዘርሽ በልኩ ይውረድልሽ። የምትገዥው በሬ ለቀንበር የገራ፣ ከቀረልሽ በሬ ጋር የሚስማማ ይሁንልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ለባልሽ ነፍስ ዕረፍት፣ ለቤትሽ ሰላም ይስጥልኝ። የሚያነብልሽንም ዓይኑን ይባርክለት፤ ያላየውን አላየሁም የሚል ዓይን ነው።

የልጅሽ የክርስትና አባት