የኦቦ ዋቅጋሪ ቤት

አምቦ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ ኦቦ ዋቅጋሪ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው መናገር ስላቃተኝ ግን ለእርስዎ እጽፋለሁ።

መናኸሪያው አጠገብ፣ በተዘጋው ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ ሲኖሩ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ "አካም ቡልቴ፣ መምህር?" እያሉ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኝ ነበር። አንዳንዴ ቆሜ ቤትዎን አያለሁ። ግድግዳው በሽቦ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ጣራው እስከ መግቢያው የወረደ ሰማያዊ ሸራ ነበር። በየምስማሩ ሥር የጠርሙስ ቆርኪ አድርገዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅዎ "ምስማሩ ሸራውን እንዳይቀደው ነዋ፣ ልጄ" ብለው ሳቁብኝ። የሥነ ጥበብ አስተማሪው እኔ ነበርኩ።

ለሰኔው ኤግዚቢሽን፣ መጠለያ ስለሌላቸው ሰዎች የሚናገር ሥራ ከወዳደቁ ዕቃዎች እንድሠራ ተጠየቅኩ። ሁለት ወር ለፋሁ። የሠራሁት ሁሉ ውሸት መሰለኝ። መክፈቻው ሲቃረብ እርስዎ ከበረንዳው ጠፉ። እዚያው ሻይ የምትሸጠውን ሲንቄን ጠየቅኳት።

"እህቱ ሞታበት ካቺሲ ሄዷል። ይመጣል" አለችኝ።

ይመጣል ማለቷን ሰምቻለሁ። ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሰምቼ ነው በማግስቱ ጋሪ ይዤ መጥቼ ቤትዎን የነቀልኩት።

ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ እንደነበረ አድርጌ አቆምኩት፤ ስሜንም ጻፍኩበት። በመክፈቻው ቀን ሰው ከቦት ፎቶ ሲያነሳ፣ እርስዎ ከለቅሶ እንደመጡ በጋቢዎ ገቡ። ማንንም አላዩም። ጎንበስ ብለው ሸራውን ገለጡና "ኩን ማና ኮ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ደገሙት። "ይሄ እኮ ቤቴ ነው፣ መምህር።" ገብተውም ተቀመጡ።

ሰው አጨበጨበ። የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው ነው። እኔም አጨበጨብኩ።

ጥበቃው ክንድዎን ይዞ ሲያስወጣዎት ዝም አልኩ። ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ እመልስላቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። የቀረው አራት ቀን ነበር። ሦስቱን ቀን ዘነበ። በአራተኛው ጠዋት ሲንቄ በረንዳው ላይ ቀዝቅዘው አገኘችዎት።

አላለቀስኩም። ቀብርዎ ላይ የማስበው ጫማዬን ስለያዘው ጭቃ ነበር። አሁንም ምንም አይሰማኝም።

በቀብርዎ ማግስት የእህትዎ ልጅ መቲ ከካቺሲ ደረሰች። "አጎቴ ይኖርበት የነበረውን ቤት አሳዩኝ" ስትል ሰዎቹ ባዶውን በረንዳ አሳዩአት። እኔ ወደ አዳራሹ ወሰድኳት። ቤቱ ገና አልፈረሰም ነበር። ዙሪያውን እየዳበሰች ዞረችው።

"ማን ነው የሠራው?"

"እሳቸው ናቸው።"

"እዚህ ማን አመጣው ታዲያ?"

"እኔ። ሳልጠይቃቸው።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ብላ አየችኝና "ዝናቡ ሳለ?" አለች።

"አዎ።"

የመግቢያውን ሸራ ገልጬ ያዝኩላት፤ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ከውስጥ "ሸራውን ልቀቀው" አለችኝ። ለቀቅኩት። እስክትወጣ ድረስ ውጭ ቆሜ ጠበቅኳት።

ቅዳሜ ቤትዎን ጭነን አብረን ካቺሲ እንሄዳለን። እርስዎን የሚያውቁ ሰዎች ይሰበሰባሉ ብላኛለች። ያደረግኩትን በፊታቸው ቆሜ እናገራለሁ፤ ማጨብጨቤንም ጭምር። ይቅርታ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በሰላም ይረፉ።

ፍጹም