የበራችን ደወል

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሶልቬግ፣

የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ሚኒሶታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ባለቤቴ ኤልደንም ሰላም ብሎሻል። የማደጎ ልጃችንን ቦያናን ቡልጋሪያ ካለው የሕፃናት ማሳደጊያ ይዘናት ገባን። ለመንገዳችን ገንዘብ እንዲሞላልን ፓንኬክ እየጋገረ የሸጠልን የቤተ ክርስቲያናችን ሰው አሁን ደግሞ በየተራ እራት ያመጣልናል። ማቀዝቀዣው ሞልቶ አልዘጋ ብሏል። ደግ ሰው ነው፣ ምን ይባላል!

ልጅቷ በደንብ ትበላለች፤ አታለቅስም። ደወል ሲጮህ ብቻ ሮጣ ጫማዋን ታደርግና ቦርሳዋን አንግታ በሩ ጋ ትቆማለች። እሑድ ጎረቤታችን ቨርና ምግብ ይዛ መጥታ፣ «ውይ የኔ ቆንጆ፣ ልውሰድሽ እንዴ?» ብላ ቀለደች። ቦያና እጇን ዘረጋችላት። ኤልደንም ቨርናም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ ደወሉን አስነቀልኩት። ኤልደን «ምን ሆነሻል አንቺ?» ይለኛል። ምን እሆናለሁ፣ ጩኸቱ ሰልችቶኝ ነው! ምግቡንም በረንዳ ላይ አስቀምጡት ብያቸዋለሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቦያና ግን ከዚያ ወዲህ ጫማዋን አታወልቅም፤ እንዳደረገችው ትተኛለች።

ስትመጪ በጓሮ በር ግቢ። ሻንጣሽን ግን መኪና ውስጥ ተይው።

በሰላም ያገናኘን።

እህትሽ ማርልስ፣ የቦያና እናት