የአብደላ በግ

ጥቅምት 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ፍርድ ቤት ዋልኩ። ዳኛው ታመው ስለቀሩ ባለጉዳይ ሁሉ በቀጠሮ ተበተነ። የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ ምስጥ ጀምሮታል... ስንት ጊዜ ጻፍን፣ ማን ሰምቶን።

አሰግድ ዛሬ ወደ መቻራ ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲው ዓመት አስተምር ብሎ ወደዚያ ስለላከው ቅዳሜ እየመጣ ያየናል። ያለፈው ቅዳሜ መኪናቸው መንገድ ላይ ተሰብሮ አብደላ ቤት አድሮ ነው የደረሰው። አብደላ ዩያ መሬቱን ከአባቴ ስወርስ አብሮ የወረስኩት ጭሰኛ ነው።

ትናንት እራት ላይ አሰግድ ያንኑ ወሬ አነሣ። መሬት ላራሹ። "እኔስ ማን ነኝ?" አልኩት። "እርስዎማ ያላረሱ" አለኝ። እናቱ ሳቀች። ፊደል ያስቆጠርኩት እኮ በዚያው መሬት ማሽላ ነው!

ጥቅምት 12

ሚካኤል። ማኅበራችን ግራዝማች አጥናፉ ቤት ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው፣ እሳቸው ናቸው፤ በዚህ አካባቢ በመሬት የሚስተካከላቸውም የለም። ዓርብ ስለሆነ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ። ገና ስገባ ጨዋታው ጸጥ አለ። የማኅበር ወንድሜ ታደሰ ጎኑ ስቀመጥ ፈቀቅ አለብኝ... ወይስ መስሎኝ ነው?

ስወጣ የንስሐ አባቴ መምሬ ነጋሽ ተከተሉኝ። ዙሪያውን ሄደው ሄደው፣ "ልጅህ ከአብደላ ጋር ባንድ ገበታ ሥጋ ሲበላ ታየ" አሉኝ። በሌላ መኪና ያለፈ ነጋዴ ነው ያየው።

"እንግዳ ሆኖ አድሮ እኮ ነው፣ አባቴ።"

"የእስላም ሥጋ የበላ ሰለመ ነው የሚባለው። ቄደር ይጠመቅ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልተጠመቀ ማኅበሩ አንተንም..." አልጨረሱትም።

ቄደር ሃይማኖቱን ክዶ ለተመለሰ ሰው የሚደረግ ጥምቀት ነው። ልጄ ካደ? ዳዊት እያስደገምኩ ያሳደግኩት?

ጥቅምት 13

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለቤቴን ወለተጊዮርጊስን ምን ብዬ ልንገራት? በልቶ ይሆን? በልቶ ቢሆንስ...

ጥቅምት 18

ሳልነግራት ወሬው ደረሳት። ጎረቤታችን ሳህሊቱ ለልጇ ክርስትና ድስት ከእኛ ተውሳ ነበር። ሳትጠቀምበት መለሰችው። ወለተጊዮርጊስ ድስቱን እንዳቀፈች ግቢው መሀል ቆማ ቀረች። "ምን አድርጌያት ነው?" ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም፤ ሥጋውን የበላሁት እኔ ይመስል!

ጥቅምት 21

አሰግድ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ያዝኩት።

"ሥጋ በልተሃል?"

"አዎ።"

"የምን?"

"የበግ።"

በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ። "ማን ባረከው ነው የምልህ!"

"ይህን ለማንም አልመልስም። አብደላ ያለችውን አንድ በግ ሰጠኝ። እኔ ንጹሕ ነኝ ለማለት እሱን ርኩስ ላድርገው?"

"እንግዲያው ተጠመቅና ይለይልን። ትንሽ ውሃ ቢረጭብህ ምን ትሆናለህ?"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ጸሎተኛው! የሰው አፍ ፈርቼ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ትንሽ ውሃ አልኩት...

"አልካድኩም፤ ከምን ልመለስ?" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባባ፣ እኔ የበላሁት ሥጋ እንቅልፍ ነሣዎት። እኛ በየዓመቱ ከአብደላ የምንበላው የእህሉ እኩሌታስ?"

"ውጣ!" አልኩት። ወጣ። እናቱ ጋቢውን ይዛ ተከተለችው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ተናድጃለሁ። የተናደድኩት ግን በየትኛው ቃሉ ነው?

ጥቅምት 28

ከቅዳሴ በኋላ በቅሎ አስጭኜ አብደላ ዘንድ ወረድኩ። ልቆጣው ነበር የሄድኩት። ማሽላው ዘንድሮ አጫጭር ነው፤ ዝናቡ ቶሎ ሄደ።

"ልጄን ምን አበላኸው?" አልኩት ሳልወርድ።

ደነገጠ። "ማሎ ጌታዬ፣ አትቆጣ። ወላሂ እኔ አላረድኩም።"

ከዚያ ሁሉን ነገረኝ። መኪናው ሲሰበር ሾፌሩን ክርስቲያን ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ነኝ ሲለው ቢላዋውን ሰጠው። ሾፌሩ በስመ አብ ብሎ አረደ፣ ራሱ ገፈፈ፣ ራሱ ጠበሰ። አብደላ ገበታው ላይ የተቀመጠው፣ እንግዳ ብቻውን አይበላም ብሎ ነው። እሱ ወተት ነበር የሚጠጣው።

"ያንተ ልጅ ሃይማኖት አለው። እኔ አላበላሽበትም" አለኝ።

"ልጆችህስ?"

"ለኛ ሐራም ነው እኮ ጌታዬ። እነሱ ሽታውን ጠገቡ።" ሳቀ።

ያለችው አንድ በግ። ልጆቹ የማይቀምሱት አድርጎ ለኔ ልጅ አሳረዳት። እኛስ እሱን ብለን የተለየ ነገር አድርገን እናውቃለን? ልጄ ነጻ ነው፤ በደስታ መዝለል ነበረብኝ። መንገዱን ሁሉ ግን ልጆቹ የጠገቡትን ሽታ እያሰብኩ ነው የመጣሁት።

ኅዳር 11

እናቱ ሰው ልካበት አሰግድ ገባ። ከአብደላ የሰማሁትን ነገርኩት።

"ይህን ብትናገር ምን ነበረበት? ነገ ማኅበሩ ፊት እነግራቸዋለሁ።"

"እርስዎ ያውቃሉ። ግን እነሱ የሚፈልጉት ይህን አይመስለኝም።"

የዛሬ ልጅ ሁሉን ነገር ፖለቲካ ያደርገዋል... እውነት ሰምቶ የማይደሰት ክርስቲያን አለ?

ኅዳር 12

አለ።

ማኅበሩ ታደሰ ቤት ነበር። ድርሳኑ ከተነበበ በኋላ ተነሥቼ ተናገርኩ። ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ቢላዋው፣ ስለ ወተቱ። የመምሬ ነጋሽ ፊት በራ። ተመስገን ሊሉ ሲሉ ግራዝማች ቀደሟቸው።

"ሾፌሩ የታለ?"

"ድሬዳዋ ነው ይላሉ።"

"እንግዲህ በእጃችን ያለው የጭሰኛ ቃል ብቻ ነው።" ጠላቸውን ጎንጨት አሉ። "ስማ ኃይለገብርኤል። ልጁ በየሄደበት ለጭሰኛ የሚሰብከውን ይተው። እሱን ከተወ የሥጋውን ነገር እኛም እንረሳዋለን።"

ሁሉም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰው እንኳ አልደነገጠም! የሃይማኖት ነገር መስሎኝ እስከ ዛሬ የታመስኩት ለካ እኔ ብቻ ነኝ።

"አባቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አልኳቸው መምሬን። "በልቶ ከሆነ፣ ስለ መሬት ዝም ስላለ ይነጻል?"

ጽዋውን ያያሉ። ደብሩም ጭሰኞች አሉት...

"እንግዲያው እኔንም ሰርዙኝ" አልኩና ወጣሁ።

ወለተጊዮርጊስ ስትሰማ ደረቷን መታች። "ነገ ስሞት ማን ይቀብረኛል?" ምን ልበላት? ሚካኤልን አልካድኩም። እሱ ያውቃል።

ኅዳር 26

ቅዳሴ አልቀረሁም። ከኋላ ቆምኩ። ታደሰ አይቶኝ እንዳላየ ሆነ።

ታኅሣሥ 3

ማሽላው ተወቅቶ ወረድኩ። አብደላ እንደ ወትሮው ሁለት ክምር አድርጎ ጠበቀኝ። የኔው ይበልጣል። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያደርገው? ወይስ ዛሬ ገና ማየቴ ነው?

መንገዱን ሙሉ ያሰብኩትን ተናገርኩ። "ዘንድሮ አልወስድም። ለልጆችህ አድርገው።"

ይመርቀኛል ብዬ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ቁጭ ብሎ እግሬን ያዘ።

"ጌታዬ፣ ልታስነሣኝ ነው?"

በሚኤሶ በኩል ያለ አንድ ባለ መሬት አምና ጭሰኞቹን እህሉን ውሰዱት ብሏቸው ነበር አሉ። ደስ ብሏቸው ሳይጨርሱት መሬቱን ልቀቁ አላቸው።

"እኔ እንደዚያ አይደለሁም" አልኩት። በሚካኤል ማልኩለት።

"ምን በደልኩ ጌታዬ? በበጉ ነው?"

"ምንም አልበደልክም!" ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴ ይባስ አስፈራው። ሚስቱም ከጎጆው ወጥታ ማልቀስ ጀመረች። ምን ብዬ ላሳምነው? ከአባቴ ጀምሮ እኛ ቤት ለዚህ ሰው በነጻ የሰጠነው ነገር የለም። ዛሬ ብንሰጠው በምን ይመነን?

አህዮቹን ራሱ ጫነ። ከራሱ ክምር ቀንሶ ጨመረበት። አልከለከልኩትም... ከለከልኩት ማለት አስነሣሁት ማለት ነውና።

አህዮቹን እየነዳ አብሮኝ መጣ። አሰግድ እኛ ቤት ነበር። ስልቻዎቹን ሲያይ ቀና ብሎ አየኝ። የሆነውን ልነግረው አፌን ስከፍት አብደላ ከኋላዬ ቀደመኝ።

"ጌታዬ ደግ ነው" አለው፣ ፊቱ ላይ ላቡ እየወረደ። "አልወስድም ብሎ ነበር። ለምኜው ወሰደልኝ።"

አሰግድ ስልቻውን ካብደላ ትከሻ ተቀብሎ አስገባ። ማሽላው ጎተራ ገብቷል። ከነገ ጀምሮ እንበላዋለን።