ተራህን የለቀቅህባት አግዳሚ

ጋሻዬ፣ የጎጆዬ ምሰሶ፤

ከተለያየን ሦስት ዓመት አለፈን። መጀመሪያ አንድ ወሬ ላርም። የጋሻው ሚስት በሐዘን አእምሮዋ ተነክቶ ሐኪም ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ትውላለች ይባላል። ወሬው መካነ ኢየሱስ ከተማ ደርሶ እኅትህ ከዚያ ጠበል ይዛልኝ መጣች። ሐሰት ነው። አልቀመጥም፤ እቆማለሁ። የምሄደውም ሕመምተኛ በሚበዛበት በገበያ ቀን ብቻ፣ በሩ ላይ ላግዝ አስፈቅጄ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው ጽድ ከጣሪያው በልጧል። የእጅ ሰዓትህን በየጧቱ እሞላለሁ።

ያን ቀን ደረትህን ይዘህ የሐኪም ቤቱ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ፣ እኔ ካርድ ላወጣ ተሰልፌ ነበር። በጥብቅ ሥርዓት ተምሬ በነርስነት ጡረታ የወጣሁ ነኝና፣ ያለ ካርድና ያለ ተራ ምንም አይደረግም ብዬ አምን ነበር። ካርዱ ወጥቶ ተራህ ሲደርስ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ቄስ ለቀቅህላቸው። አይቼሃለሁ። ጨዋነትህ ደስ ብሎኝ ዝም አልሁ። እሳቸው ሳይወጡ አንተ ወደቅህ፤ አልተነሣህም።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። በእኔ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ማለት ተረኛ የሆነ ሁሉ የሚመደብበት ክፍል ነበር፤ ለብቻው የሚጠና ሙያ ነው ያለን አልነበረም። ዛሬ ሐኪም ከሆኑ በኋላ ድንገተኛ ሕክምናን ብቻ ለዓመታት ያጠኑ ስፔሻሊስቶች አሉ። አንዲቱ እኛ ዘንድ መጥታለች። በሩ ላይ ነርስ አቁማ የገባውን ሁሉ ትንፋሽና የልብ ምት ታስለካለች። ለባሰበት ቀይ፣ ለሚከተለው ቢጫ፣ መጠበቅ ለሚችለው አረንጓዴ ጨርቅ እጁ ላይ ይታሰራል። ካርድ ኋላ ነው።

ሰዉ ግን አሁንም ከሕመም ሽበት ያስቀድማል። ባለፈው ገበያ ቀይ የታሰረለት የስማዳ ገበሬ፣ እንዳንተው ደረቱን ይዞ፣ ለእኒያው ቄስ ሊለቅ ተነሣ። ተቀመጥ! ብዬ ጮኽሁበት። ካህን የማታከብር አሮጊት ተባልሁ። ቄሱ ግን «ይህ ጉልበቴ አንድ ሰው በልቷል፤ ሁለተኛ አልሰጠውም» ብለው ቁጭ አሉ። ገበሬው ታክሞ በእግሩ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ሐኪሟ እውቀቱን አመጣች። ተራ መልቀቅን ማስተው ግን የእኛ የአገሬው ሥራ ነው።

እስካለሁ አልረሳህም፤ አሟሟትህንም አላለባብስም። ነገ የዕድር ስብሰባ አለ። መጀመሪያ ሰዓትህን እሞላለሁ። ነጠላዬን ለብሼ ሦስቱን ጨርቅ እይዛለሁ። በመንገዴ ቄሱን ጠርቼ ከጎኔ አስቀምጣቸዋለሁ። ከዚያ አንተ ተራህን እንደለቀቅህ፣ እኔም አይቼ ዝም እንዳልሁ፣ ተራዬን ሳልጠብቅ ተነሥቼ እናገራለሁ።