በጾም አፍ የቀመስኩት

ፔታ ቲክቫ፣ መጋቢት 23 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእታለም ፋንትነሽ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔና ልጄ ሊኖይ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የደባሽ ልጅ ካሳው ነው፤ ነገ ወደ ጎንደር ይበራል። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አንቺ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ስለምታወሪ ግቢው ሁሉ ስለሚሰማን ነው። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። ቅጠል እለያለሁ ብዬሽ ነበር። የሻይ ቅጠል መስሎሽ እንደቀረ አውቃለሁ፤ አይቼ ዝም አልኩ። ትንባሆ ነው። ሲጋር ይሉታል፤ ሙሉ ቅጠሉ ተጠቅልሎ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ሀብታሞች ከእራት በኋላ የሚያጨሱት። ሱቁ ውስጥ የገባሁት ለጽዳት ነበር። መተርኮሻውን ስደፋ የቁራጮቹ ሽታ ይለያይብኝ ጀመር። አንዱ የተቆላ ገብስ ነው፣ አንዱ አዲስ ቆዳ፣ አንዱ ዝናብ የመታው አፈር። ቅርጫት ውስጥ የተጣለ የዕቃ መግለጫ ወረቀት እያነሳሁ ቤት እወስዳለሁ፤ ሊኖይ ዕብራይስጡን እያጉረመረመች ታነብልኛለች፤ እኔ ደግሞ በእሷ አሮጌ ደብተር ላይ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። እንዲህ ነው የተማርኩት።

አንድ ቀን የሱቁ ባለቤት ኦሬን ከደንበኛ ጋር በአንድ ሳጥን ሲከራከር፣ መወልወያዬን እንደያዝኩ፣ «ይሄ እርጥብ በረት ይሸታል» ብዬ አመለጠኝ። ሲከፍቱት ውስጡ ሻግቷል። ከዚያ ወዲህ፣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አዲስ ዕቃ ሲመጣ የምቀምሰው እኔ ነኝ። የራሴ ጠረጴዛ አለኝ።

አትደንግጪ፣ ጭሱ አይዋጥም። አስቀድሜ በጣቴ ጫን አደርገዋለሁ፤ ደህናው ለስለስ ብሎ ይመለሳል፣ የደረቀው ይንኮሻኮሻል። ጫፉን ቆርጬ ሳይለኮስ እስበዋለሁ። ከዚያ እለኩሰውና ጭሱን አፌ ውስጥ ይዤ፣ ጥቂቱን በአፍንጫዬ አሳልፌ እለቀዋለሁ። አመዱ ሳይረግፍ ምን ያህል እንደሚቆም አያለሁ። በአንዱና በሌላው መካከል ውሃ መጠጣትና ደረቅ ዳቦ መቅመስ ግን ግድ ነው። አፍ ከደረቀ ሁሉም ይመራል።

በየካቲት ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? «እናንተ እኮ እዚያ ሄዳችሁ ጾመ አስቴርን አንድ ቀን አደረጋችሁት። እናታችን ሦስት ቀን ነበር የምትጾመው» አልሽኝ። እኔም ዘንድሮ ሦስቱንም እጾማለሁ፣ ወደዚህ የመግቢያ ፈቃድሽ ወጥቶ እንድትመጪ አልኩ። ባንቺ ነው ማለቴ አይደለም፣ እታለም። አፉ የእኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ ዕቃ ሊሸጥ ነበርና ኦሬን፣ «ያላ፣ በይ እንግዲህ ይሻሽ፣ ቅመሺልኝ» አለኝ። እጾማለሁ አላልኩትም። ጭስ ምግብ አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የውሃውን ብርጭቆ ወደ ከንፈሬ አደረስኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ጣቴ ደህና ነው አለኝ። አፌ ግን መረረው፤ ጉሮሮዬን ፋቀው። አንድ ደገምኩ፣ ሌላ ደገምኩ፣ ያው ነው። «ደርቋል» አልኩ። «መጋዘኑ አየር ገብቶታል።»

እርጥበቱ እንዳይወጣ በሩን እየዘጋ መጋዘኑን የሚጠብቀው ረዳ ነው፤ የትግራዩ፣ አንድ ቀን በስልክ ሰላም ያለሽ። ሁልጊዜ፣ «እናንተ ጎንደሮች አፍንጫችሁ ረጅም፣ ምላሳችሁ ከዚያ የረዘመ» እያለ ይቀልድብኛል። እኔም፣ «አንተ ደግሞ ቀልድህንም የምትቆልፍበት ነህ» እለዋለሁ። የዚያን ቀን አልቀለደም። ግድግዳው ላይ ያለውን የእርጥበት መለኪያ እያሳየ፣ «ልክ ነው እኮ፣ ተመልከት! በሩን ዘግቼ ነው የወጣሁት» አለ። ኦሬን፣ «መለኪያው ምላስ የለውም» አለው። እሑድ ዕለት አሰናበተው።

ጣቴ ግን ዝም አላለኝም። በማግስቱ ሰኞ፣ ሊጣሉ ለብቻ ከተቀመጡት አንድ ወሰድኩ። ውሃ ጠጣሁ፣ ዳቦ ቀመስኩ፣ ለኮስኩ። እታለም፣ በሦስት ዓመት እንዲያ ያለ አልቀመስኩም። መጀመሪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀጥሎ የተጠበሰ ለውዝ፣ መጨረሻ ላይ ማር የመሰለ ነገር ምላሴ ላይ ቀረ። አጥፍቼው ወደ ቤት ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ዓርብ ረዳን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አገኘሁት። ከስቷል። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ይሻሽ፣ ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላ ነበር። አንቺ ቀምሰሽ ካልሽ ግን በሩን ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አለኝ። «አሁንማ ከቤት ስወጣ ሦስት ጊዜ እየተመለስኩ ቁልፉን አያለሁ። ሚስቴ ለተብርሃን፣ አባትህም መርሳት የጀመረው እንዲህ ነው፣ ሐኪም ይይህ ትለኛለች።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

እሑድ ለኦሬን ነገርኩት፤ ጾሙንም፣ ብርጭቆውንም። እሱም፣ «ሞቴክ፣ የኔ ማር፣ ስሚኝ። አንቺ ተሳስተሻል ካልኩ የሦስት ዓመት ዕቃዬን ሁሉ ደንበኛ ይጠይቀኛል። በሰደር? እሺ? ሂጂ፣ ቦታሽ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እስከ ማታ ምንም አልቀመስኩም።

ሰኞ ከዚያው ሳጥን አንዱን ይዤ ኤን ጋኒም ሰፈር ወደ ረዳ ቤት ሄድኩ። ሃያ ዓመት ያጨሰ ሰው ነው፤ ብነግረው ለማጽናናት መስሎት አያምነኝም ብዬ ነው። በረንዳ ላይ ለኮሰው። ሦስት ጊዜ ሳበ። አመዱን አየ፤ አልረገፈም።

«ይሄ ከየትኛው ነው?»

«ከደረቀው» አልኩት። «አልደረቀም ነበር። ጾመኛ ነበርኩ። ውሃ አልጠጣሁም።»

ሚስቱ ለተብርሃን ከኋላው ቆማ ነበር። እሱ በትግርኛ አንድ ነገር አላት፤ በሩን ዘግቼ ነበር ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ደጋግሞ አላት፣ እንደ ሕፃን ልጅ። እሷ ግን እኔን ነበር የምታየው።

«ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አለችኝ።

ዛሬ ነው ያወቅሁት ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፣ እታለም። እውነቴን ነው።

«ሃያ አንድ» አልኳት።

«ሃያ አንድ ቀን ባሌ ልቡን ሳተ ብዬ ሳለቅስ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

ረዳ፣ «ተያት በቃ» አላት። አልተወችኝም፤ ልክም ናት። የለኮሰውን ሲጋር ሳይጨርሰው ቆመና እስከ ደረጃው ሸኘኝ። ደህና ሁኚ አላለኝም።

ዛሬ ጠዋት ለፋሲካ መዳረሻ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ጽዋ ሲያነሳ፣ እዚህ ልማዱ ነው፣ ኦሬን መልካም በዓል ብሎ እንደጨረሰ ተነሳሁ። እኔ በሰው ፊት ተናግሬ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ዕብራይስጤ ተሰባበረብኝ፤ ግን ነገርኳቸው። መለኪያው ልክ ነበር፣ ረዳ በሩን ዘግቷል፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ካወቅሁም ሰንብቻለሁ አልኳቸው። ጽዋው በየሰዉ እጅ ቆሞ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ኦሬን ለረዳ ደወለለት፤ ከበዓሉ በኋላ ይመለሳል። እኔን ደግሞ፣ ከፈለግሽ ጽዳቱ ክፍት ነው አለኝ። አስባለሁ አልኩት።

ቀለለኝ ብልሽ ደስ ባለኝ። ግን አልቀለለኝም። ጠረጴዛዬ ከአሁኑ ናፍቆኛል፤ ለተብርሃንም ዓይኗ ከፊቴ አይሄድም። እህቴ ትልቅ ቦታ ትሠራለች ብለሽ ለነገርሻቸው ጎረቤቶች ከሥራዬ ወረድኩ በያቸው። ለምን ካሉሽ ይህንኑ ንገሪያቸው።

የአባቶቻችን አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ፈቃድሽን ያውጣልሽ፤ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ስለ አንቺ የጾምኩትን ሁለቱን ቀን ይቀበልልሽ። ሦስተኛውን አልቆጥረውም።

እህትሽ
ይሻሽ