ሳትድን «እንኳን ማረሽ» የተባለች

ይድረስ ለክቡር አሰልጣኝ ሚራክል፣ የ«ጥራው ይመጣል» የሕይወት ለውጥ ማሰልጠኛ መሥራች፣ ባለቤትና ብቸኛ ተናጋሪ፤
ቱሉ ዲምቱ።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? አላህ ጤናና ዕድሜ እንዲሰጥዎ በመለመን ልጀምር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ማንንም ሳይለምኑ «ዩኒቨርስ» ከሚሉት ከፍጥረተ ዓለሙ በቀጥታ እንደሚያዝዙ ስለሰማሁ፣ ልመናዬ ትእዛዝዎን እንዳያበላሽብዎ ፈርቼ ትቼዋለሁ።

እኔ ሀይረዲን እባላለሁ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወረድ ብሎ ሽንኩርትና ድንች እሸጣለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ በሰፈራችን የማታ ትምህርት ከክፍሌ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጡት ጎረቤቴ ወይዘሮ መሰለች በፈተናው ቀን መነጽራቸው ተሰብሮ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አይስሟቸው። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር የራሴ ናት። በአደባባይ መጻፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ስደውልልዎ ጸሐፊዎ፣ አሰልጣኙ ከአሉታዊ ሰዎች ጋር አይነጋገሩም ብላ በትሕትና ስለዘጋችብኝ ነው።

ጉዳዬ ስለ ባለቤቴ ስለ ሰኪና ነው። አምና ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል ጠጣር ነገር ዳሰሰች። ሐኪሙ መርምሮ ሳይሰራጭ በቶሎ በቀዶ ጥገና ይውጣ አለ፤ ቀንም ቆረጠላት። በዚያው ሰሞን አንዲት ጓደኛዋ ይዛት ወደ እርስዎ አዳራሽ መጣች። ከዚያ ወዲህ ስለዋሉልን ውለታ ሁሉ በቅደም ተከተል ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ «ኢንሻአላህ» የተጠራጣሪ ሰው ቃል ነው፣ ሐሳብን ያደክማል ብለው ስላስጣሏት አመሰግናለሁ። በእኛ ቤት ነገ የሚባል ቀን ያለ ኢንሻአላህ ከደጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ ሽንኩርት እንኳ ነገ አመጣለሁ የምለው በእሱ ፈቃድ ነው። አሁን ግን ሰኪና ስለ መጪው ዓመት ስታወራ ቁልፉን ቀበቶዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ባለ ቤት ነው። እኔ ብቻ በጎን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የጎደለውን ቃል እሞላላታለሁ።

ሁለተኛ፣ የበሽታን ስም መጥራት በሽታውን መጥራት ነው ብለው ስላስተማሯት። በዚህ ትምህርት መሠረት ቤታችን ውስጥ ያ ስም አይነሣም። እኔ ግን አንደኛ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ እዚህ ልጻፈው፤ ካንሰር። ይኸው ጻፍኩት፤ ስለጻፍኩት አልመጣም፣ ቀድሞ መጥቶ ነበር። የቀዶ ጥገናው ቀን ሲደርስም ሆስፒታል መሄድ ጥርጣሬ ነው ተባለና ሐኪሙ ሲጠብቃት እሷ በእርስዎ አዳራሽ ዓይኗን ጨፍና ዋለች። የመስጂዳችን ሸህ ከውሲ፣ መጀመሪያ ግመልን ማሰር፣ ከዚያ በአላህ መመካት ነው ይሉናል። እርስዎ ግን ገመድ መፈለግ ራሱ ግመሏን ያስጠፋታል ብለው በማስተማር ከሸሁ እጅግ ቀድመው ሄደዋል። እኔ ደካማው እስካሁን ሱቄ ሞልቷል ብዬ በማመን የሞላ ጆንያ አላየሁም፤ ሌሊት ተነሥቼ ካላመጣሁ ባዶ ነው።

ሦስተኛ፣ ይህ ከሁሉም ይበልጣልና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። የጠየቅሽውን አስቀድመሽ እንደተቀበልሽ ሆነሽ አመስግኚ አሏት። ሰው ደግሞ የሚያመሰግነው በለመደው ወግ ነው፤ ክርስቲያኑ ስለቱን ያስገባል፣ እኛ ሰደቃ እናወጣለን። ሰኪና በግ አሳርዳ፣ ሸሆቹንና ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ፣ ድኛለሁና አመስግኑልኝ አለች። ሸህ ከውሲ እጃቸውን ዘርግተው ስለ ሺፋዋ፣ ስለ መዳኗ፣ አላህን አመሰገኑ፣ ቤቱ ሙሉ አሚን አለ፤ ወይዘሮ መሰለችም እልል ብለው ጉንጯን እያገላበጡ ስመው «እንኳን ማረሽ» አሏት።

ክቡርነትዎ በሰፈራችን ስለማይኖሩ ላስረዳ፤ እዚህ አንድ ሰው አንዴ «እንኳን ማረሽ» ከተባለ ወደ «ይማርሽ» መመለሻ መንገድ የለውም። ለጥየቃ በራችን ላይ ይጋፋ የነበረው ሕዝብ ቀረ። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ለሕሙማን ዱዓ ሲደረግ ስሟ አይነሣም። ክፉ ሆነው አይደለም፤ የዳነን ሰው እንደ በሽተኛ መጠየቅ ማሟረት ነዋ። ከሲታ ሆና ሲያዩዋት ጾም አበዛሽ እንዴ ይሏታል፣ እሷም ትስቃለች። ነገሩን ለሸህ ከውሲ ስነግራቸው፣ ታዲያ ያን ቀን ያመሰገንነው ለምኑ ነበር ብለው ጠየቁኝ። መልሱን እርስዎ ያውቁት ይሆናል። እስከዚያው እኔና ሸሁ ለገዛ ሚስቴ ጤና እንደ ሌባ ተደብቀን ዱዓ እናደርጋለን።

አራተኛ፣ ነገሩ ባይሳካ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አስቀድመው ስለወሰኑልን። ሸሁ እንደሚሉት የለመነ ሰው ከሦስቱ አንዱን አያጣም፤ ወይ የለመነው ይሰጠዋል፣ ወይ ክፉ ነገር ይመለስለታል፣ ወይ ለአኺራው ይቀመጥለታል። የአላህ ባሪያ ቢታመምም ቀደር ነው፣ የእሱ ውሳኔ፤ አፍሮ አንገቱን አይደፋም። የእርስዎ ዩኒቨርስ ግን ካልሰጠ የለማኙ ሐሳብ ስለቆሸሸ ነው። በቀደም ያበጠውን ብብቷን አይቼ ያምሻል ወይ ብዬ ብጠይቃት ሰኪና ምን አለችኝ መሰለዎት፦ «የምታሳምመኝ አንተ ነህ፤ እኔ ጨርሼ ነበር፣ አንተ አላመንክም።» እኔ ሰፈር የሚያውቀኝ ተረበኛ ነኝ። ያን ቀን ግን ወጥቼ ድንች ስመርጥ ዋልኩ።

ከዚያ ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ እሷን ራሷን አምጣት አለኝ። እምቢ ካለችስ ስለው፣ ጊዜው እየሄደ ነው አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። የቀረውን አልነገረኝም፤ እኔም እንዲነግረኝ አልጎተጎትኩትም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አንድ ነው። ከእኔም፣ ከሸሁም፣ ከሐኪሙም አፍ አትሰማም፤ የምትሰማው እርስዎን ብቻ ነው። እባክዎ አንድ ቀን እቤታችን ብቅ ይበሉና መታመም እንደሚፈቀድላት ይንገሯት። ሌላ ምንም አይጨምሩ። ብዙ ተስፋ አድርጌ አይደለም፤ ሐኪሙ ፊት ላይ ያየሁትን አይቻለሁ። ነገር ግን ሰው እንኳ ቢሞት ታሞ መሞት ይገባዋል፤ ጎረቤቱ እየጠየቀው፣ ስሙ በዱዓ እየተነሣ። እሷ እየሄደች ያለችው ጤነኛ እየተባለች፣ ብቻዋን ነው።

ላስተማሩን ሁሉ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ዩኒቨርስ ይህን ደብዳቤ ያደርስልኛል ብዬ ስላላመንኩ በእጄ አምጥቼ በርዎ ላይ የለጠፍኩት፣ ከፍ ከፍ እንዲሉ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ ሀይረዲን፣
ሽንኩርትና ድንች ቸርቻሪ፣ የማታው ክፍል አንደኛ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ስለጥፍ አዳራሽዎ መግቢያ ላይ የሰኪናን ትልቅ ፎቶ አየሁ። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትስቃለች፤ ሥሩ ያለውን ጽሑፍም ያለ ማንም እርዳታ አነበብኩት፣ «በሐሳቧ በሽታን ያሸነፈች» ይላል። ምናልባት ደብዳቤዬን አንብበው አፍረው ሊያወርዱት ያስቡ ይሆናል። እንዳያወርዱት። አሁን ቀኝ እጇ ሲነሣ ከደረቷ አያልፍም፤ ሁለቱንም አንሥታ የምትታይበት ሌላ ፎቶ ደግሞ እኛ ቤት የለም።