ወደ ውስጥ ስለሚከፈት አንድ በር

ለክቡር የመኖሪያ ቤቶች ምደባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት ሰፊ ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ የሰፋ፣ ሐሳብዎ እንደ ቤቴ የተሰበሰበ፣ ዕድሜዎም እንደ ወረፋዎ የረዘመ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የታመመ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ይፈልጋልና፣ በሰጡኝ ቤት ውስጥ ደህና ከመሆን ሌላ ምርጫ የለኝም።

ሥራ ይበዛብዎታልና ካላስታወሱኝ አልቀየምም። አርባ አንድ ዓመት በአናጺነት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባለቤቴ ከሞተችብኝ አምስት ዓመት የሆነኝ፣ ከአራት ዓመት በፊት ባለ ሦስት ክፍል ቤታችን ለአዲሱ ሕንፃ ግቢ ማስፊያ ሲፈርስ ደግሞ በሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሥራ ስድስት ካሬ ሜትር የተመደበልኝ ሰው ነኝ። የካሬው ልክ የሚወሰነው በቤተሰብ ብዛት ነው ተባልኩ። ቅጹን የሰጠችኝ ልጅ፣ አባባ እዚህ ጋ ቁጥር ብቻ ይሙሉ ስትለኝ ብዕሩን ይዤ ጥቂት ቆየሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት፣ ኧረ እኚህ ሰውዬ ስንት ቢወልዱ ነው እንዲህ የሚቆጥሩት ብለው ሲሳሳቁ፣ “አንድ” ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው።

ከቁልፉ ጋር የሰጡኝን “ጠባብ ቤት፣ ሰፊ ሕይወት” የተባለ ቡክሌት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ዕቃ ሲያንስ ጭንቀት ያንሳል ይላል። እውነት ነው። ለስድስት ሰው የሠራሁትን ጠረጴዛ ለአንድ ምግብ ቤት ሰጠሁ፤ የባለቤቴን ቁም ሣጥን እህቷ ወሰደችው፤ ከአንዱ በቀር ወንበሮቹ የት እንደገቡ አላውቅም። አሁን ቤቴን ጠርጌ ለመጨረስ አራት ደቂቃ ይበቃኛል፤ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ድስቴን አማስላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን በሙሉ የማደርገው የለኝም። ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረስዎት። ለምስጋናው ማጣፈጫ እንዲሆኑ ያህል ግን ጥቂት ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። ቤቱን ከተረከብኩ በኋላ መጀመሪያ የገባው እንግዳ ቆጣሪ አንባቢው ነበር። ጨዋ ሰው ነውና ገና ከደጃፉ “ቤት ለእንቦሳ!” አለኝ። እኔም በልማድ “እንቦሳ እሰሩ!” ብዬ መለስኩ። ከዚያ ሁለታችንም ዙሪያውን አየንና፣ ጥጃዋ ብትመጣ ከምድጃው ሥር ትታሰር ወይስ ከአልጋው በላይ ብለን ብዙ ሳቅን። ቆጣሪውን አንብቦ ሲሄድ በሩን ዘጋሁና ሳቁ ወዲያው ጠፋ። እርሱም ቢሆን የሚመጣው በወር አንዴ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋናውም ይኸው ነው፤ የቤቴ በር ወደ ውስጥ ይከፈታል። እርስዎ የሙያው ሰው ስላልሆኑ ላስረዳ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሲዞር ወለል ይበላል፤ የኔው በር የሚበላው ደግሞ አንድ ፍራሽ የሚነጠፍበትን ቦታ ነው፣ ልክ እሱኑ። ይህን ያወቅሁት ልጄና የልጅ ልጄ ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ ነው። የሚኖሩት ሩቅ ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ያስኬዳል፤ እናም ሁለት ሳምንት ሊቆዩ መጥተው ነበር። አልጋውን ለእነርሱ ለቅቄ እኔ ከበሩ ሥር አነጠፍኩ። የወጣ ሰው እንዲገባ የተኛው መነሣት፣ የገባውም እንዲወጣ ፍራሹ መታጠፍ ነበረበት። የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ሽንት ቤት በፈለገች ቁጥር ቤት የምንለቅ ይመስል ዕቃው ሁሉ ይነሣ ነበር። በሁለተኛው ቀን ልጄ ሻንጣዋን መሸከፍ ጀመረች። “አባዬ፣ አጣበብንህ” አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያች ቀን የሚመር ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የኔም ሰፍቶ ሁሉን ቻለ። ሆድ ውስጥ ግን ፍራሽ አይነጠፍም።

ሲሄዱ ለትንሿ ቃል ገባሁላት። የራስሽ አልጋ እሠራልሻለሁ፣ ከግድግዳው ላይ እንደ መሶብ ክዳን ወርዶ የሚተኛበት፣ ጠዋት ደግሞ የሚታጠፍ አልኳት። መላው እንዲህ ነው፤ የበሩ ማጠፊያዎች ተነቅለው በሩ ወደ ኮሪደሩ እንዲከፈት ይደረጋል፣ የተረፈው ግድግዳ አልጋዋን ይይዛል። ለእኔ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ችግሩ፣ በውሉ ላይ ያለ ፈቃድ ማጠፊያ የነካ ቤቱን ይነጠቃል የሚል አንቀጽ አለ።

ሦስተኛ፣ እንግዲህ ስለ ፈቃዱ። ማመልከቻው የአልጋውን ትክክለኛ ልክ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ በስልክ የተነገረ ልክ አላምንም፤ ስንቱ ደንበኛ በአፉ ለክቶ ቁም ሣጥኑ ከበር ውጭ ቀርቶበታል። ልጄን፣ ልጅቱን ግድግዳ አስደግፈሽ ከራሷ እስከ ተረከዟ በክር ለክተሽ ቁረጪና ላኪልኝ አልኳት። ክሩ ደረሰ፤ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲም። አንድ ጋት ጨምሬ አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት አልኩ። ከጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ “መልስ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት” የሚል በትልቁ ተለጥፎ ስላየሁ፣ ጣውላውን በዚያው ሳምንት በቀድሞ ባልደረባዬ ወርክሾፕ ቆረጥኩት። ይህ የኔ የሽማግሌው ስሕተት ነው። አርባ አንድ ዓመት እንጨት ሲያብጥና ሲሰነጠቅ አይቼ እንጨት እንኳ የማላምነው ሰውዬ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አመንኩ።

የመጀመሪያው ማመልከቻዬ ኮሪደሩ የሕዝብ መተላለፊያ ነው ተብሎ ተመለሰ። እኔም ወንበሬን በር ላይ አድርጌ አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ያለፉት ቆጣሪ አንባቢው፣ አንዲት ድመትና ፊት ለፊት ያለው፣ በሳሉ ብቻ የማውቀው ጎረቤቴ ናቸው። ባለ ሳሉ በሦስተኛው ቀን ቆም ብሎ፣ ጋሼ ሰው እየጠበቁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ሁለተኛው ማመልከቻዬ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ቦታ ጠብቦት ወደ ሰፊ ሕንፃ ሲዛወር ከዕቃ ጋር ጠፋ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። በሦስተኛው ጊዜ ባለሙያ ተላከልኝና ክፍሉን ለክቶ፣ የተመዘገቡት አንድ ሰው ነዎት፣ ሁለተኛ አልጋ ምን ያደርግልዎታል ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ቅጹ ላይ ያለውን ነው የጠየቀው። እንዲህ እንዲህ እያልን ውሃ ስንወቅጥ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ።

በዚህ መሃል ትንሿ በየእሑዱ ትደውላለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሁልጊዜ፣ “አያቴ፣ አልጋዬ ወረደ?” የሚል ነበር። ገና ነው፣ ሊወርድ ነው እላታለሁ። በየዓመቱም ክር ይላክልኛል፤ ከመጀመሪያው ጋር አራት ክሮች ከምድጃው በላይ ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። የመጨረሻው አንድ ሜትር ከሃያ ስድስት ነው።

አራተኛ። ባለፈው ዓመት “የነዋሪዎች ደኅንነት መጠይቅ” ልካችሁልኝ ነበር። ብቸኝነት ይሰማዎታል ወይ ይላል፤ ከሥሩ “በፍጹም፣ አልፎ አልፎ፣ ዘወትር” የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸው ነው ብዬ ልጥለው ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ጥያቄ ከማንም ሰው አፍ ሰምቼው ስለማላውቅ ደስ አለኝ፤ ሁለት ቀን ትራሴ ሥር አቆየሁት። ዘወትር የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ላክሁ። መልስ አልመጣም።

አምስተኛ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ትዝታ ነው። እርስዎ ባያስታውሱኝም እኔ አስታውስዎታለሁ። ዛሬ የሚኖሩበትን ቤት በሮች የገጠምኩ እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ በር። ከሦስት ዓመት በኋላ የእንግዳ ክፍሉ በር አብጦ አልዘጋ ስላለ ጠርተውኝ በመላጊያ አስተካክዬ ነበር። የክፍሉ አልጋ ትልቅ ነው፤ የፍራሹ ላስቲክ ግን እንደመጣ ነበር፣ አልተገፈፈም። በሦስት ዓመት አንድ ሰው አላደረበትም። ያኔ ስለ ቤቱ ስፋት ቀንቼብዎት ነበር፤ ዛሬ ግን እዚህ ሆኜ ሳስበው እናሳዝናለን፣ ሁለታችንም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ባለፈው ወር ፈቃድዎ ደረሰኝ። ማኅተሙ ያምራል። “የአንድ ሜትር ከአሥራ አምስት ሳንቲም ተጣጣፊ አልጋ ለመግጠምና በሩን ወደ ውጭ ለማዞር ተፈቅዷል፤ ከዚህ ልክ ውጭ ማሻሻል ክልክል ነው” ይላል። በዚያው ቀን በሩን አዞርኩ፣ አልጋውንም ገጠምኩ። የሠራሁት ሥራ ነውና አላፍርበትም፤ በአንድ ጣት ይወርዳል፣ ድምፅ የለውም። እሑድ ስልኩ እስኪጮህ ሰዓቱ አልሄድ አለኝ። ትንሿ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ጓደኛዋ፣ ስለወለቀ ጥርሷ ነገረችኝ። ስለ አልጋዋ አልጠየቀችኝም። እኔም ወረደ ብዬ ልነግራት አልቻልኩም፤ ብትመጣ እግሯ ከጉልበቷ ታጥፎ ነው የምትተኛው። ልጄ ስልኩን ተቀብላ፣ ዘንድሮ በእረፍቱም ትምህርት አላት፣ ምናልባት ለከርሞ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ማታ ማታ አልጋውን አወርደዋለሁ፣ ጠዋት እመልሰዋለሁ። ማጠፊያው እንዳይዝግ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን ስላጣበብሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የአራቱን ክሮች ቅጂ በዚህ ደብዳቤ አባሪ አድርጌ ልኬያለሁ። ዋናዎቹን ልልክ አልደፈርኩም፤ እናንተ ዘንድ ዕቃ ይጠፋል። ከቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢዘረጓቸው፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ምን ሲሠራ እንደነበር ከማናቸውም ሪፖርት በተሻለ ያሳዩዎታል።

የሰጡኝን እያንዳንዷን ካሬ ሜትር በየቀኑ የማመሰግን፣ ውለታዎን ከቤቴ ይልቅ በልቤ ያስቀመጥኩ፣ ታዛዥዎ፣
የሦስተኛ ፎቁ አናጺ
የቤተሰብ ብዛት፦ አንድ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት አዲስ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የአልጋው ልክ አንድ ሜትር ከሰባ ነው። ቁጥሩ ስሕተት አይደለም፤ በጽሕፈት ቤትዎ ፍጥነት አስልቼ፣ ልጅቱን ፈቃዱ ሲደርስ በምትሆንበት ቁመት ለክቻት ነው። ፈቃዱ ሲወጣ እባክዎን በእርሷ አድራሻ ይላኩት። እኔ በዚያን ጊዜ ከዚህም ወደ ጠበበ ቤት ተዛውሬ እሆናለሁ፤ ለእሱ ደግሞ ደግነቱ የእናንተ ፈቃድ አያስፈልግም።